ሠራተኛ የሚለቅበትን ቀን ቀድሞ ማወቅ፦ የአገልግሎት ዘመን ዕውቅና በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል

የመልቀቂያ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጠዋት ነው። አዳር የነበረችው ነርስ ርክክቧን ጨርሳ፣ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ትገባና አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። እኔ በሰው ሀብት ክፍል ውስጥ በሠራሁበት አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንዲህ ያለች ወረቀት ተቀብዬ ማህደሯን ሳወጣ፣ አምስት ዓመት ሊሞላት 23 ቀን ቀርቷት ነበር። የአምስት ዓመት ሰርተፊኬቷ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ የእኔው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ በሰኔ ለሚደረገው ዝግጅት። ማህደሩ ውስጥ ደግሞ ከ14 ወር በፊት ያስገባችው የደረጃ እድገት ጥያቄ አለ። "ለሚመለከተው" ተብሎ ተመርቶበታል፤ የሚመለከተው ግን አላየውም።

ሰርተፊኬቱን ያን ቀን አውጥቼ ብሰጣት ትቀር ነበር? አትቀርም። የደረጃ ደብዳቤው ከዓመት በፊት ወጥቶላት ቢሆን ግን ምናልባት። እኛ ዓመት የምንቆጥረው በአምስት በአምስት ነው፤ ሰው የሚለቀው ግን በሌላ አቆጣጠር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁለቱን አቆጣጠር ለማገናኘት ደረጃ በደረጃ የሚሠራው ሥራ ነው። የጻፍኩት ለሜትሮኖች (ለሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊዎች)፣ ለዲፓርትመንት ኃላፊዎችና ዛሬም ብዙ ሰው "ፐርሶኔል" እያለ ለሚጠራው ክፍል ነው።

ስለ ደሞዝ መጀመሪያ እንነጋገር፤ ካልሆነ አንባቢው የቀረውን አያነበውም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ሰርተፊኬት አጣን ብለው አይደለም። ለአገልግሎት ዘመን ተብሎ ደረት ላይ የሚሰካ ፒን የቤት ኪራይ አይከፍልም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያን ራቅ ባሉ አካባቢዎች ስለማቆየት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2021 ያሻሻለው ምክር፣ ትምህርትን፣ ሕግን፣ ገንዘብንና የግልና የሙያ ድጋፍን አንድ ላይ አስተሳስሮ መስጠት እንጂ አንዱን ብቻ ነጥሎ መያዝ አይበቃም የሚል ነው። ማኅበራዊ ዕውቅና በዚያ ውስጥ አንድ ክር ነው። የደሞዝ ስኬሉ በእናንተ እጅ አይደለም። የታሰረ ደብዳቤ መፍታት፣ የፈረቃ ፕሮግራም ማስተካከል፣ የሰው ስም በትክክል መጻፍ ግን በእናንተ እጅ ነው።

1. መዝገቡን ማጥራት

አንድ ወር ሙሉ በዚህ ቢያልቅ አያስቆጭም። መዝገብ ሳይጠራ የተጀመረ የዕውቅና ሥራ ሰው ያስቀይማል፤ ከነጭራሹ ባይጀመር ይሻል ነበር።

በኤክሴል ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ ክፈቱ። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ሥራ የተቀጠረበት ቀን፣ በዚህ ሆስፒታል ሥራ የጀመረበት ቀን፣ የሥራ መደቡና የሚሠራበት ክፍል፣ የግዴታ አገልግሎቱ የሚያልቅበት ቀን፣ ለትምህርት ወይም ያለ ደሞዝ ፈቃድ የወጣበት ጊዜ፣ መጨረሻ የደረሰው የደረጃ ወይም የእርከን ደብዳቤ ቀን፣ መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው የልደት ዘመን።

ሁለቱን የቅጥር ቀኖች አታምታቱ። ከክልል ጤና ቢሮ ተዛውሮ የመጣ ሰው በመንግሥት ሥራ 16 ዓመት፣ በዚህ ቤት ግን 4 ዓመት ሊኖረው ይችላል። ለጡረታ የሚቆጠረው የመጀመሪያው ነው። ለቤቱ ዕውቅና የትኛው ይቆጠራል? እኔ የምመርጠው በዚህ ሆስፒታል የተሠራውን ነው፤ ሰርተፊኬቱ ላይ ግን ጠቅላላው የመንግሥት አገልግሎትም በአንድ መስመር ይጻፍ። በገጠር ጤና ጣቢያ 12 ዓመት የሠራን ሰው "አዲስ ገቢ" ብሎ መመዝገብ ነውር ነው። ሁሉንም አስማምታችሁ ደንቡን በጽሑፍ አውጡት፤ አለበለዚያ በየዓመቱ ያንኑ ክርክር ትደግማላችሁ።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩ አለ። ማህደር ውስጥ "12/01/08" የሚል ቀን ታገኛላችሁ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2008 ነው። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፍ በነበረ ጸሐፊ እጅ ከሆነ ደግሞ የ2008 እ.ኤ.አ. አንድ ቀን ይሆናል። በሁለቱ መካከል ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ልዩነት አለ፤ አንድ ሰው የ10 ዓመት ባለመብት ይሁን የ3 ዓመት የሚወስነው ይህች ወረቀት ናት። የሚያጠራጥር ቀን ሲገጥማችሁ ከመጀመሪያው የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ።

ስም። ኃይሉን "ሀይሉ"፣ ፀሐይን "ጸሀይ" አድርጎ ያተመ ሰርተፊኬት ስንት ዓመት ያገለገለ ሰው እጅ ሲገባ ያየ ሰው ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅ ይገባዋል። አንድ የልብስ ንጽሕና ሠራተኛ ነበሩ፣ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው። የ25 ዓመት ሰርተፊኬታቸውን ተቀብለው አመሰገኑ፤ በማግስቱ በጋዜጣ ጠቅልለው መልሰው አመጡት። "ይኼ የአባቴ ስም አይደለም" አሉ። ታይፒስቱ "ወልደ ሚካኤል"ን "ወልደ ገብርኤል" ብሎት ነበር። መልሰን እስክናሳትም አራት ወር ፈጀብን።

ስለዚህ ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት ስም፣ ክፍልና የጀመሩበት ቀን ብቻ ያለበትን ቅጂ በየወርዱ (በየሕሙማን መኝታ ክፍሉ) ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሁለት ሳምንት ለጥፉ፤ ሰው በእስክሪብቶ ያርመው። የልደት ዘመንና የደሞዝ መረጃ እዚያ ላይ አይወጣም።

በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ብቻ የሚገጥም አንድ ጣጣም አለ። ሐኪሞቹ አብዛኞቹ አካዳሚክ ስታፍ ናቸው፣ ማህደራቸው ኮሌጁ ዘንድ ነው። ነርሷ፣ አዋላጇ፣ ላቦራቶሪው፣ ካርድ ክፍሉ፣ ፖርተሩ አስተዳደር ስታፍ ናቸው፣ ማህደራቸው ሆስፒታሉ ዘንድ ነው። ሁለቱ ቢሮዎች ዝርዝር ካልተለዋወጡ በዝግጅቱ ቀን መድረክ ላይ የሚወጡት ወይ ሐኪም ብቻ ይሆናሉ ወይ ሐኪም የለበትም። በኤጀንሲ በኩል የመጡት ጽዳቶችና ጥበቃዎች ደግሞ በአንዱም ዝርዝር ውስጥ የሉም። ኤጀንሲው ሦስት ጊዜ ተቀይሮ እሷ ግን ያንኑ ኮሪደር ስምንት ዓመት የምትወለውል ሴት አለች። ሕጉ ሠራተኛችሁ አይላትም፤ እናንተ ግን በሦስተኛ ዝርዝር ላይ ጻፏት።

2. የለቀቁትን በወር መቁጠር

ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 አንድ ዓመት ብላችሁ፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ውሰዱ። የለቀቀውን ሁሉ ጻፉና ከቅጥሩ እስከ መልቀቂያው ስንት ወር እንደሠራ አስሉ። ወሩን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩት። ከዚያ በየክፍሉ ለዩት፤ የሆስፒታሉ ድምር ብዙ ነገር ይደብቃል። ድንገተኛና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል እያፈሰሱ፣ ተመላላሽ ክፍል ሰው የማይንቀሳቀስበት ሊሆን ይችላል።

የለቃቂው መጠን ስሌት ቀላል ነው። በዓመት ውስጥ የለቀቁትን በዚያ ዓመት በነበረው አማካይ የሠራተኛ ቁጥር አካፍላችሁ በመቶ ታባዛላችሁ። 24 ነርስ ካለው ወርድ 6 ከለቀቁ 25 በመቶ ነው። ከዚህ ይልቅ ግን እኔን የሚያነቃኝ ሌላኛው ቁጥር ነው፦ ባለፈው ዓመት ከቀጠርናቸው 10 ሰዎች ዛሬ ስንቱ አሉ?

ወሮቹን ስትደረድሩ ክምር ክምር ብለው ታዩዋቸዋላችሁ። እኔ ባየሁት ክምሮቹ እነዚህ ላይ ነበሩ፦ የሙከራ ጊዜው እንዳለቀ፤ የግዴታ አገልግሎት እንዳበቃ፤ ከወሊድ ፈቃድ በተመለሱ በጥቂት ወራት ውስጥ፤ ማስተርስ ወይም ስፔሻሊቲ ተምረው በመጡ ማግስት። አዲሱ በጀት ተለቅቆ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የቅጥር ማስታወቂያ የሚያወጡበት የመስከረም ሰሞንም የራሱ ክምር ነበረው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። አምስትና አሥር ዓመት ላይ ክምር ካላገኛችሁ አትደነቁ።

ነገሩ አምስት ቁጥር ራሱ ከየት መጣ? በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። በዚያ የዩኒቨርሲቲው የጡረታ ዕቅድ ውስጥ ያለ ሠራተኛ አምስት የአገልግሎት ዓመት ሲሞላው የጡረታ መብቱ ይጸናለታል። የእነሱ አምስት ከጀርባው ገንዘብ አለ። እኛ የተዋስነው ፒኑን ብቻ ነው።

የለቀቁበትን ምክንያት ከማመልከቻው አትፈልጉ። ሁሉም "በግል ምክንያት" ነው የሚለው፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ገና እጁ አልገባማ። ከለቀቀ ከሦስት ወር በኋላ ስልክ ደውሉለት። ያኔ እውነቱን ይነግራችኋል፤ አንዳንዴ ከምትፈልጉት በላይ።

3. ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሥራ መስጠት

አሁን ክምሮቹን ወደ ቀን መቁጠሪያ አዙሩ። በኤክሴሉ ላይ ከእያንዳንዱ ወሳኝ ቀን 90 ቀን ቀድሞ ቢጫ እንዲሆን አድርጉ። የመንግሥት ሠራተኛ ለመልቀቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ አንድ ወር ነው፤ ማመልከቻው ሲደርሳችሁ ሰውየው ልቡ ከሄደ ቆይቷል።

*የሙከራ ጊዜ።* ስድስት ወር ነው። ቋሚ የሚሆንበት ደብዳቤ በስድስተኛው ወር ማብቂያ ቀን እጁ ይግባ። ስምንተኛው ወር ላይ የሚመጣ የቋሚነት ደብዳቤ ሠራተኛው ስለ ቤታችሁ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት ነው። በሦስተኛው ወር ደግሞ ሄድ ነርሷ (የወርዱ ነርሶች ኃላፊ) ቁጭ አድርጋ አንድ ጥያቄ ትጠይቀው፦ "እስካሁን ማንም ያላሳየህ ግን ብቻህን እንድትሠራው የተተወልህ ነገር ምንድን ነው?" አዲስ ነርስ ከአዳር ፈረቃ የሚሸሸው ብዙውን ጊዜ በፍርሃት ነው።

*አንደኛ ዓመት።* ኬክ አያስፈልግም። በቡና ሰዓት ስሙ ይጠራ፣ ሜትሮኗ ትጨብጠው። የዓመት ፈቃድ ደብዳቤው በዚያው ቀን ይሰጠው። ሕጉ ራሱ ዓመት እንደሚቆጥር ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 የዓመት ፈቃድ ከ20 የሥራ ቀን ተነሥቶ በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ 30 ይደርስ ነበር። በ2017 አዲስ አዋጅ ስለወጣ ቁጥሩን ከቅርቡ ሕግ አረጋግጡና ደብዳቤው ላይ "ይህ ሦስተኛ ዓመትዎ ስለሆነ አንድ ቀን ተጨምሮልዎታል" ብላችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ናት፣ ወጪ የላትም።

*የግዴታ አገልግሎት ማብቂያ።* ትልቁ ክምር ይህ ነው፤ አያያዛችንም ከሁሉ የከፋው እዚህ ላይ ነው። ስፔሻሊስቱ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ዓመት ሬዚደንት ሆኖ ተምሯል፣ ከዚያ በውሉ መሠረት እያገለገለ ነው፣ ኦሪጅናል ዲግሪው ወይም ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) በዋስትና ተይዟል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤቱ የሚያናግረው በውል ቋንቋ ብቻ ነው። ግዴታው ባለቀ ማግስት ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ግን "ውለታ ቢስ" እንላለን።

ግዴታው ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ዲፓርትመንት ኃላፊው ይጥራው። ይዞለት የሚቀርበው ነገር ይኑር፦ ሰብ ስፔሻሊቲ የመማር ዕድል፣ የጥናት ጊዜ፣ የአንድ ክሊኒክ ወይም ዩኒት ኃላፊነት፣ የአካዳሚክ ማዕረግ እድገቱ ምን እንደጎደለው የሚያሳይ ዝርዝር። የጎደለው አንድ የታተመ ጽሑፍ ከሆነ፣ አብሮት የሚጽፍ ሰው ፈልጉለት። ግዴታው በሚያልቅበት ቀን ደግሞ ወረቀቱን ሳይለምን ስጡት። ይህን ስል ብዙ ኃላፊዎች ይደነግጣሉ፤ "ከሰጠነውማ ይሄዳል" ይላሉ። የሚሄደው በሁለቱም መንገድ ይሄዳል። ሦስት ወር ለምኖ የተቀበለ ግን ታናናሾቹን ሬዚደንቶች አስጠንቅቆ ነው የሚሄደው።

*ከወሊድ ፈቃድ መመለስ።* አራት ወር ጠብቃችኋት የመጣችን እናት በተመለሰች ሳምንት አዳር ብትመድቧት፣ መልቀቂያዋን ራሳችሁ እየጻፋችሁላት ነው። ከመመለሷ ሦስት ሳምንት በፊት ሄድ ነርሷ ትደውልላት፤ ልጁን ማን እንደሚይዝ፣ ሰፈሯ የት እንደሆነ፣ ሰርቪስ መቼ እንደምታገኝ ትጠይቃት። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የቀን ፈረቃ ይመደብላት። ጓደኞቿ እንዳያጉረመርሙ ይህ ለሁሉም እናት የሚሠራ የወርዱ ደንብ እንጂ ለእሷ የተደረገ ውለታ አለመሆኑ ይለጠፍ። አዋጅ 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ማቆያ ካላችሁ የሚዘጋበትን ሰዓት ተመልከቱ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ማቆያ ለቢሮ ሠራተኛ እንጂ ለፈረቃ ነርስ አልተሠራም።

*አሥርና ከዚያ በላይ።* እዚህ ላይ ከፒን ይልቅ አንድ ገጽ ወረቀት ስጡ፦ የጡረታ ስሌት። በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል፤ አበሉ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ ይነሣና ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። 20 ዓመት የሠራ 42.5 በመቶ፣ 30 ዓመት የሠራ 55 በመቶ ማለት ነው። ይህን በስሙ ተሠልቶ ያየ ሠራተኛ ጥቂት ነው። በዚያው አጋጣሚ የጎደለ የአገልግሎት ማስረጃ ካለ ይታያል፤ የሠራበት ጤና ጣቢያ ማህደር ሳይጠፋ፣ የሚመሰክር ሰው ሳይሞት ይሟላል። የዕድሜ መረጃው መጀመሪያ ሲቀጠር የተመዘገበው ስለሆነ በ58 ዓመት "ልደቴ ተሳስቷል" ብሎ መምጣት አያዋጣም፤ ይህንም ቀድሞ ይወቀው።

4. ሳይለቅ መጠየቅ

ከዕውቅና ቀኑ በፊት የሃያ ደቂቃ ጭውውት ይደረግ። በኮሪደር አይሆንም። በአፈጻጸም ምዘና ቀን ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ነጥብ ሊሞላለት የተቀመጠ ሰው እውነት አይናገርም። ቅርብ ኃላፊው ያድርገው፤ ችግሩ ራሱ ኃላፊው ከሆነ (ይሆናልም) ሠራተኛው ሜትሮኗን ወይም ሌላ ሲኒየር መምረጥ ይችል።

"ለምን ልትለቅ አሰብክ?" ብሎ መጀመር ሰውን ያሸማቅቃል። እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህ ነበሩ፦

"ባለፈው ወር ወደ ቤትሽ ስትሄጂ ያበሳጨሽ ቀን የቱ ነበር?"
"አምና ጠይቀሽ መልስ ያላገኘሽበት ነገር አለ?"
"ሌላ ቦታ የሄዱት ጓደኞችሽ ምን አገኙ ይባላል?"
"እኔ ላስተካክለው የምችለው አንድ ነገር ቢኖር ምንድን ነው?"

ሁለተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ በእርጋታ ሲመልስልኝ ትዝ ይለኛል፦ "የዲዩቲ (የተረኝነት) የሦስት ወር ሂሳብ። ስንት እንደሆነ እንኳ ረስቼዋለሁ። እናንተ ግን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፣ ይከፈል አይከፈል።" የፈለገው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ ፋይናንስ በሄደ ቁጥር ሰነዱ የት እንዳለ የሚነግረው ሰው አጥቶ ነበር።

የተጠየቀው ነገር ሁሉ ይጻፍ፣ አጠገቡ የሚከታተለው ሰው ስም ይጻፍ፣ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ። "አይቻልም" መልስ ነው። "እናያለን" መልስ አይደለም። ቃል የምትገቡት በራሳችሁ ፊርማ ሊፈጸም የሚችለውን ብቻ ይሁን፤ የትምህርት ዕድልን በአፍ ተስፋ መስጠት ከምንም በላይ ሰው ያሳድዳል።

5. ዝግጅቱ

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ባለሙያ ስለሆነ አጠር አደርጋለሁ።

ዝግጅቱን ከቀኑ 8 ሰዓት በትልቁ አዳራሽ ካደረጋችሁት የሚመጡት የቢሮ ሰዎች ናቸው። አዳር የወጣ ተኝቷል፣ ቀን የገባ በሽተኛ ላይ ነው። በየወርዱ በጠዋት ርክክብ ሰዓት አድርጉት፤ ወጪውም ገቢውም ተረኛ አንድ ላይ የሚቆመው ያኔ ብቻ ነው። ዳቦና ቡና ይበቃል። የኮሌጁ ኃላፊ ወርድ ድረስ ወርዶ ሲጨብጥ ከአዳራሹ ጭብጨባ ይበልጣል። ለ25 ዓመትና ለጡረተኞች ብቻ በዓመት አንድ ጊዜ አዳራሹን ያዙ፣ ቤተሰብም ይጠራ።

ቀኑን ስትመርጡ የነርሶች ቀን ግንቦት 4 ያመቻል። የአዋላጆች ቀን ግን ሚያዝያ 27 ነው፤ ከአርበኞች ቀን ጋር ይገጥማልና አስተዳደሩ ዝግ ነው፣ ሰርቪስም የለም፣ አዋላጆቹ ብቻ እንደ ወትሮው ሥራ ላይ ናቸው። በማግሥቱ አድርጉት።

ስጦታን በተመለከተ፣ ግዢው በመንግሥት ሥርዓት ስለሆነ ፕሮፎርማ፣ ጨረታ፣ ገቢ ደረሰኝ እያለ ይጎተታል። በጀቱ ከሐምሌ በፊት ዕቅድ ውስጥ ካልገባ የዓመቱ ስጦታ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። አንድ ዓመት የገዛነው የግድግዳ ሰዓት ነበር፤ ግማሹ ቆሞ ነው የመጣው። ለረጅም አገልግሎት የቆመ ሰዓት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ሠራተኛው ሲተርክበት ከረመ። ከዚያ ወዲህ የምመክረው ጋቢ ነው። ጋቢ አይበላሽም፣ ለሁሉም ይሆናል፣ አዳር ላይም ይለበሳል።

በንግግሩ "ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ" የምትለዋን ተዉአት። በምትኩ ከወርዱ አንድ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር፦ መቼ፣ ምን ሲሆን፣ እሱ ምን እንዳደረገ። ኦክስጅን ያለቀ ሌሊት ሲሊንደር በትከሻው ሦስት ፎቅ ያወጣው ፖርተር ይህ ሲነገርለት መሬት መሬት እያየ ነበር። ልጁ ግን ቀና ብሎ ይሰማ ነበር።

6. የቡድን ምዕራፎች

ተቋማት የራሳቸውን ምዕራፍ ማክበር ይወዳሉ። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀመር አንሥቶ ብዙ ክብረ በዓል አልፎበታል። ቅዱስ ጳውሎስ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲያደርግ ዜናው አገር አዳረሰ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ፎቶው ላይ የሚቆመው ሰርጀኑ ነው። የመጀመሪያው ግን በእንግዳ ባለሙያ እገዛ ይሠራል፤ ሃምሳኛው የሚሠራው የዳያሊሲስ ነርሷ፣ የአንስቴዥያ ባለሙያው፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሷና የላቦራቶሪ ሰው ቤቱ ውስጥ እስካሉ ድረስ ነው።

ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛው ቦታ ጥቁር አንበሳ ነበር። እንዲህ ባለ ክፍል ሜዲካል ፊዚሲስት (የጨረሩን መጠን የሚያሰላ ባለሙያ) ወይም ቴክኖሎጂስት መልቀቅ ማለት የጥቂት ሰው ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ ወረፋው በወራት ይረዝማል። ስለዚህ በእናንተ ሆስፒታል "ይህ ሰው ነገ ባይመጣ የትኛው አገልግሎት ይቆማል?" ብላችሁ ዝርዝር አውጡ። አሥር ስም አይሞላም። ለእነዚህ ሰዎች የምዕራፉ ቀን ዓመታቸው ብቻ አይሁን፤ የሠሩት መቶኛው ኬዝ፣ ያሠለጠኑት ሁለተኛ ሰውም ይቆጠር። ሁለተኛ ሰው ማሠልጠንን መሸለም በተለይ ብልህነት ነው፤ ብዙ ባለሙያ ዕውቀቱን አጥብቆ የሚይዘው ተፈላጊነቱ እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

7. መለካትና መሸኘት

በየሩብ ዓመቱ ሦስት ቁጥር ብቻ ተመልከቱ፦ ከተቀጠሩት በዓመቱ የቀሩት፣ በክምሮቹ ቀናት አካባቢ የለቀቁት፣ በጭውውት ከተነሡት ጥያቄዎች በ10 ቀን መልስ ያገኙት። ሦስተኛው ካልተንቀሳቀሰ ሁለቱ አይንቀሳቀሱም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለውጥ ካላያችሁ አትደናገጡ፤ የሚለቀው አስቀድሞ ወስኖ ነበርና።

የሚሄድ ይሄዳል። ክሊራንስ ለማስፈረም ከስቶር ወደ ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ወደ ፋይናንስ ሁለት ሳምንት የሚንከራተት ሰው ሲሄድ የሚያወራው ስለዚያ ሁለት ሳምንት ነው። አንድ ሰው መድቡለትና በሁለት ቀን ይለቅ። የሥራ ልምዱ የሠራበትን ክፍልና ኃላፊነት በትክክል ይዘርዝር። በኤክሴሉ ላይ ረድፉን አትሰርዙት፤ "ለቋል" ብላችሁ ቀኑንና ስልኩን አስቀሩት።

ምክንያቱም ይመለሳሉ። በመግቢያዬ ያነሣኋት ነርስ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከግል ሆስፒታል ተመልሳ አመልክታ ነበር፤ ልጆቿ የሚማሩት እዚያው ሰፈር ነበርና። ኮሚቴው ውስጥ ክርክሩ "እንደ አዲስ ትቆጠር ወይስ የቀድሞው ዓመቷ ይደመርላት" የሚል ነበር። ደንብ ስላልጻፍን ሁለት ስብሰባ ፈጀ። ደመርንላት። መሳቢያዬ ውስጥ የነበረው ሰርተፊኬት አሁንም እዚያው ነበር፤ ቀኑን ብቻ አስተካክለን እንደገና ማሳተም ነበረብን፣ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ከሃያ በታች አላትምም አለ።